ሴቶቹ ይጠይቃሉ፣ ወንዶቹ ከፍለው ይሄዳሉ፦ የጂኤምኦ ምግብ ነገር በጅማ

ባልትና ዘጅማ (ክሩን የከፈተች)

ሰላም ለቤቱ። ጅማ መርካቶ አጠገብ ትንሽ የባልትና ሱቅ አለኝ። በርበሬ፣ ሽሮ፣ በሶና የሕፃናት ምጥን እሸጣለሁ። ምጥኑ ውስጥ ሰፊውን ድርሻ የሚይዘው በቆሎ ነው።

ሰሞኑን አንድ ነገር አስተውያለሁ። ሴት ደንበኛ ስትመጣ ከረጢቱን ትከፍታለች። ከዱቄቱ ቆንጠር አድርጋ በሁለት ጣቷ ታሸዋለች፣ ታሸተዋለች። ከዚያ «በቆሎው ከየት ነው የመጣው? ይሄ ጂኤምኦ የሚሉት እንዳይሆን» ትለኛለች። ወንድ ሲመጣ «ኪሎው ስንት ገባ?» ይላል፣ ይከፍላል፣ ይሄዳል። ሁሉም እንዲህ ነው አልልም። ግን ልዩነቱ ቁልጭ ብሎ ይታያል።

ይህን ለዘመዶቼ ባወራ አንዱ «ሴቶች የቲክቶክ ወሬ ስለምታምኑ ነው» አለኝ። አልተዋጠልኝም። እነዚህ ሴቶች እህል ያውቃሉ። የሻገተውን በጠረኑ ብቻ ይለያሉ። ዝም ብለው የሚደነብሩ አይደሉም።

እና ሁለት ጥያቄ አለኝ። ጅማ ገበያ ላይ የምገዛው በቆሎ ጂኤምኦ፣ ማለትም ዘረመሉ በላቦራቶሪ የተለወጠ ነው ወይስ አይደለም? ለደንበኞቼ እርግጠኛ ሆኜ መመለስ እፈልጋለሁ። ሌላው ደግሞ፣ ይሄ የሴትና የወንድ ልዩነት የኛ ብቻ ነው ወይስ ሌላም አገር አለ? ካለስ ምክንያቱ ምንድን ነው? የምታውቁ እስቲ በደንብ አስረዱኝ።

የመልኮ ጎረቤት

እህቴ፣ የሰብል ባለሙያ ነኝ። የመጀመሪያውን እኔ ልመልስ።

የጅማ ዙሪያ ገበሬ ለዓመታት ሲዘራው የኖረው ቢኤች 660፣ ሊሙ፣ ሾኔ የሚባሉት ናቸው። ሁሉም ዲቃላ ዘር ናቸው እንጂ ዘረመላቸው በላቦራቶሪ የተለወጠ አይደለም። ዲቃላ ማለት ሁለት የተለያዩ የበቆሎ መስመሮች በአበባቸው ተዳቅለው የሚወጣ ዘር ነው። ቢኤች 660 የወጣው እዚሁ አገራችን፣ ባኮ ምርምር ማዕከል ነው። እዚህ መልኮ፣ ጅማ ግብርና ምርምር ማዕከል የወጡት 74110 እና 74112 የሚባሉት ቡናዎችም ከአገር ውስጥ ቡና ተመርጠው ነው የተገኙት። የቡና ፍሬ በሽታ ማሳ ሲያወድም የደረሱልን እነሱ ናቸው። በእነሱም ውስጥ የዘረመል ምሕንድስና የለም።

በሕጉ በኩል፣ አገራችን ጂኤምኦን የሚቆጣጠር የደህንነተ ሕይወት አዋጅ ቁጥር 655/2001 አላት። በጣም ጥብቅ ነበር። በ2007 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 896 ተሻሻለና ለምርምር በር ተከፈተ። በ2010 ዓ.ም. ዘረመሉ ተለውጦ ትልን የሚቋቋም ቢቲ ጥጥ ተፈቀደ። ጥጥ አይበላም የምትሉ ካላችሁ፣ ፍሬው ዘይት ይጨመቃል፤ ይህን መደበቅ አልፈልግም። የተጣራ ዘይት ውስጥ ግን ከፕሮቲኑም ከዘረመሉም የሚቀር የለም ማለት ይቻላል።

በበቆሎ ላይ ደግሞ ቴላ የሚባል ፕሮጀክት አለ። ድርቅንና አገዳ ቆርቁርን እንዲቋቋም የተሠራ ነው። መልካሳ ላይ በአጥር ተከልሎ የመስክ ሙከራ ተካሂዶበታል። ሰዎች «ጂኤምኦ በቆሎ መጣ» ሲሉ የሚያወሩት ስለዚህ ነው።

ኪቶ ካምፓስ

እኔ ግልጹን ልናገር። ጉዳዩ የእውቀት ማነስ ነው። የአሜሪካ ብሔራዊ የሳይንስ አካዳሚ በ2016 እ.ኤ.አ. ትልቅ ሪፖርት አውጥቷል። ለገበያ የቀረቡ ጂኤምኦ ሰብሎች ከተለመዱት የበለጠ ጤና እንደሚጎዱ የሚያሳይ አስተማማኝ ማስረጃ አላገኘም። ፒው የተባለው የአሜሪካ የጥናት ተቋም ሲጠይቅ ከሳይንቲስቶቹ 88 በመቶ «መብላቱ ጉዳት የለውም» ብለዋል። ከተራው ሕዝብ ግን 37 በመቶ ብቻ።

በ2019 እ.ኤ.አ. የወጣ ጥናት ደግሞ አለ። ጂኤምኦን አጥብቀው የሚቃወሙት ሰዎች በሳይንስ ጥያቄ ዝቅተኛ ውጤት ያመጡት ናቸው። ግን ከሁሉ የበለጠ እናውቃለን ብለው የሚያስቡትም እነሱ ናቸው። ሴቶች ሳይንስ ቢማሩ ፍርሃቱ ይጠፋል። በቃ።

የሕዝብ ጤና ተማሪ

ወንድሜ ኪቶ፣ የጠቀስካቸው ቁጥሮች ትክክል ናቸው። የደረስክበት ድምዳሜ ግን ከቁጥሮቹ አይወጣም። ረዘም ባደርገው አትቀየሙኝ፣ ይሄ ጉዳይ በጣም የምጨነቅበት ነው።

መጀመሪያ ለባልትና ዘጅማ። ልዩነቱ የኛ ብቻ አይደለም። ኪቶ በጠቀሰው የፒው ጥናት ውስጥ ከአሜሪካ ወንዶች 47 በመቶ ጂኤምኦ ምግብ ጉዳት የለውም ሲሉ፣ ከሴቶቹ እንዲህ ያሉት 28 በመቶ ናቸው። ሰፊ ልዩነት ነው። ግን ሌላውንም አብራችሁ እዩ። ከወንዶቹም ቢሆን ግማሽ አልሞሉም! «ወንዶች ያምናሉ፣ ሴቶች ይፈራሉ» ማለት አይቻልም። ሁለቱም ይጠራጠራሉ፣ ሴቶቹ ይበልጥ ይጠራጠራሉ። በኋላ በ20 አገራት በተደረገ ጥናትም በአብዛኞቹ አገራት ጉዳት የለውም ያሉት ወንዶች በርከት ይላሉ።

አሁን ወደ «እውቀት ማነስ» ልምጣ። ይህ መላምት ተፈትሿል። በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. ሴቶች ለምን አካባቢንና ጤናን የሚነካ አደጋ ላይ ይበልጥ እንደሚሰጉ የተሠሩ ጥናቶች ተሰብስበው ተገምግመዋል። የእውቀት ልዩነት ነው የሚለው ማብራሪያ ድጋፍ አላገኘም። ከዚያ የባሰውን ልንገርህ። ሴት ሳይንቲስቶችና ወንድ ሳይንቲስቶች ስለ ኒውክሌር አደጋ ተጠይቀው ነበር። ሴቶቹ ሳይንቲስቶች አደጋውን ከወንዶቹ ከፍ አድርገው ነው ያዩት። የመርዝ ጥናት ባለሙያዎች መካከልም እንዲሁ ታይቷል። እነዚህን «ሳይንስ ተማሩ» ልትላቸው ነው?

ከሁሉ የሚገርመኝ በ1994 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ የወጣው ጥናት ነው። ሰዎቹ ብዙ ዓይነት አደጋዎችን እንዲመዝኑ ተጠየቁ። ውጤቱ በዘርና በፆታ ሲከፋፈል ለብቻቸው ወጥተው የታዩት ነጮቹ ወንዶች ናቸው። ነጭ ያልሆኑ ወንዶች ከሴቶቹ ጋር ተቀራራቢ ነበሩ። ጠለቅ ተብሎ ሲታይ ደግሞ ልዩነቱን የፈጠሩት ከነጮቹ ወንዶች 30 በመቶ ገደማ የሚሆኑት ናቸው፤ አደጋውን በጣም ዝቅ አድርገው የገመቱት። የተማሩ፣ ገቢያቸው ደህና የሆነ፣ በባለሥልጣንና በባለሙያ የሚተማመኑ። ማለትም ነገሩን የሚወስኑትና የሚጠቀሙበት ሰዎች ለአደጋው ብዙም አይሰጉም። ውሳኔው ከላይ የሚመጣበት ሰው ይሰጋል።

ስዊድን ውስጥ በ2011 እ.ኤ.አ. ይሄው ተፈትሾ ነበር። እዚያ በሴትና በወንድ መካከል ይህ ነው የሚባል ልዩነት አልተገኘም። ስዊድን በፆታ እኩልነት ቀዳሚ ከሚባሉት አንዷ ናት። ከፍ ያለ ስጋት የታየው የውጭ አገር ዝርያ ባላቸው ነዋሪዎች ላይ ነበር። ይህ ብዙ ነገር ይነግረናል። ስጋቱ ከሴትነት ተፈጥሮ የሚመጣ ቢሆን ኖሮ ስዊድን ላይም በታየ ነበር።

ያ የ2019ኙ ጥናት የሚያወራው ጫፍ ላይ ስለቆሙ ተቃዋሚዎች ነው እንጂ ስለ ሴቶች አይደለም። «ከየት ነው የመጣው?» ብላ የምትጠይቅ እናት ጫፍ ላይ የቆመች አይደለችም። እየጠየቀች ነው።

እነዚያ 20 አገራት ውስጥ ደግሞ አንድም የአፍሪካ አገር የለም። የኛን እናቶች ማንም አልጠየቃቸውም።

ኪቶ ካምፓስ

ስዊድኑን አላውቀውም ነበር፣ እናመሰግናለን። ግን መጠራጠርም ዋጋ ያስከፍላል። ኬንያ በ2012 እ.ኤ.አ. ጂኤምኦ ምግብ እንዳይገባ ከልክላ እስከ 2022 ቆየች። ድርቅ ሲመታት ነው ያነሳችው። ያ ሁሉ ዓመት ሲዘገይ የሚራበው ሕዝብ ነው። የሚራቡትም መጀመሪያ ሴቶችና ሕፃናት ናቸው። «እየጠየቁ ነው» ብለን እያሞካሸን እስከ መቼ ልንቆይ ነው?

የሰርቦ ልጅ

ሰላም ለሁላችሁ። እኔ ከገበሬ ቤት ነው የወጣሁት፣ ቀርሳ ወረዳ። ከኛ ቤት ላወራ።

እኛ ቤት ዘሩን የሚመርጠው አባቴ ነው። ከኅብረት ሥራ ማኅበር ይዞ ይመጣል። የሚያየው በሄክታር ስንት ኩንታል እንደሚሰጥ ነው። ሊሙ ከመጣ ወዲህ ደስተኛ ነው፣ ምርቱ በእጥፍ ነው የጨመረልን ይላል። እውነቱን ነው።

እናቴ ጋ ስትሄዱ ወሬው ሌላ ነው። ጎተራው የእሷ ነው። አንድ ቀን ሊሙውንና የድሮውን የአገር በቆሎ ጎን ለጎን ይዛ አሳየችኝ። የድሮው ሽፋን እስከ ጫፉ ጥብቅ ብሎ የተዘጋ ነው፤ በጥፍር ለመላጥም ያስቸግራል። የአዲሱ ጫፉ ላይ ከፈት ብሏል፣ ፍሬው ወጣ ብሎ ይታያል። «ነቀዙ በዚህ ነው የሚገባው» አለችኝ። በጣቷ ፍሬውን ፈልፍላ አወጣችው፣ ውስጡ ባዶ ነው። አባቴ በኅዳር የሚቆጥረው ኩንታልና እናቴ በሰኔ የምታገኘው ኩንታል አንድ አይደለም።

የተምቹም ነገር እንዲሁ ነው። ያ መጤ ተምች በ2009 ዓ.ም. የካቲት ላይ ከኛ ብዙም በማይርቀው ሸካ፣ የኪ ወረዳ ሲገባ መድኃኒቱ ቶሎ አልደረሰም። ከበቆሎው ልብ ውስጥ ትሉን አንድ በአንድ በጣት የለቀሙት እናቴና እህቶቼ ናቸው። ጠዋት ጤዛው ሳይደርቅ ይወጣሉ። ቅጠሉ እጃቸውን ይሸረክተዋል። ስለዚህ ኪቶ፣ ተምች የማይበላው በቆሎ መጣ ቢባል ከማንም በላይ የሚገባት እናቴ ናት። ለማሳው ጉልበቷን ያወጣችው እሷ ነች። ግን ማንም ስብሰባ ጠርቷት አያውቅም። የግብርና ሠራተኛው ሲመጣ የሚጠይቀው «አባወራው የት አለ?» ብሎ ነው።

እናት የሁለት

ባልትና ዘጅማ፣ ምናልባት ከጠየቁሽ አንዷ እኔ ነኝ :)

ለምን እንደምንጠይቅ ልንገራችሁ። ልጁ ሲያመው ሌሊት የሚነሳው ማነው? ሐኪም ቤት «ምን አበላሽው?» ተብሎ የሚጠየቀው ማነው? አባቱን «ምን አበላኸው?» ያለ ሐኪም እስካሁን አላጋጠመኝም። ምግቡ ከተበላሸ ጥፋቱ የኔ ነው። ስለዚህ እጠይቃለሁ።

የምፈራው ግን ብዙ ነው፣ አልደብቅም። ቲማቲሙ ሳምንት ቢቀመጥ አይበሰብስም። የፈረንጅ ዶሮ በሁለት ወር ትደርሳለች። አቮካዶው አጭር ዛፍ ላይ ያፈራል። ቴሌግራም ላይ ደግሞ «ማህፀን ያደርቃል» የሚል ቪዲዮ ይዞራል። የትኛው ነው እውነቱ?

የመልኮ ጎረቤት

እናት የሁለት፣ አንድ በአንድ።

ቲማቲሙ፦ ጂኤምኦ አይደለም። ቆዳው ጠንከር እንዲልና ቶሎ እንዳይበስል በማዳቀል የተመረጠ ዲቃላ ነው። ዶሮዋም በማዳቀልና በመኖ ነው የምትደርሰው። አቮካዶው የተከተበ ችግኝ ነው፣ ለዚህ ነው አጭር ሆኖ ቶሎ የሚያፈራው። 

ማህፀን ያደርቃል የሚለው ማስረጃ የለውም። የቢቲ ሰብል ውስጥ ያለው ፕሮቲን የተገኘው አፈር ውስጥ ከሚኖር ባክቴሪያ ነው። የትሉ አንጀት ላይ የሚጣበቅበት ቦታ አለው። ሰው አንጀት ላይ ያ ቦታ የለም፣ እንደማንኛውም ፕሮቲን ይፈጫል።

የኬንያው ክልከላ የመጣው ፈረንሳይ ውስጥ አይጦች ላይ በተሠራ ጥናት ምክንያት ነው። አስፈሪ ዕጢ ያላቸው አይጦች ፎቶ ዓለምን ዞሯል። ጥናቱ የወጣው በ2012 እ.ኤ.አ. ነው። በየምድቡ አሥር አሥር አይጥ ብቻ ነበር። የአይጦቹ ዝርያ ራሱ ሲያረጅ ዕጢ የሚበዛበት ነው። በ2013 መጽሔቱ ጥናቱን ሰረዘው። ፎቶው ግን ዛሬም ይዞራል። ጥናቱ መሰረዙን የነገረሽ ሰው ከሌለ መፍራትሽ አይገርምም።

ጋሽ ከፈረንጅ አራዳ

ልጆቼ፣ ጡረታ የወጣሁ መምህር ነኝ። ወንድ ነኝ፣ እኔም ግን እሰጋለሁ። የኔ ስጋት ሆዴን ያመኛል የሚል አይደለም።

ዶክተር ተወልደ ብርሃን ገብረ እግዚአብሔርን የምታስታውሱ ትኖራላችሁ። ጂኤምኦ ከአገር አገር ሲዘዋወር የሚቆጣጠረው፣ በ2000 እ.ኤ.አ. የጸደቀው የካርታሄና ፕሮቶኮል የሚባል ዓለም አቀፍ ስምምነት ሲደራደሩበት የታዳጊ አገሮችን ድምፅ ይዘው የተሟገቱ ኢትዮጵያዊ ናቸው። በዚያው ዓመት የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት አግኝተዋል። የእሳቸው ጥያቄ ዘሩ የማን ይሆናል የሚል ነበር። የአገሬ በቆሎ ዘር ከእናት ወደ ልጅ፣ ከጎረቤት ወደ ጎረቤት በዋንጫ እየተሰፈረ የኖረ ነው። ዘር መርጦ ጭስ ላይ የሚሰቅለው ማነው? ሴቷ ናት። በየዓመቱ የሚገዛ ዘር ሲመጣ ያ ሥራዋ ያበቃል።

የመልኮው ልጄ ደግሞ ዲቃላውም በየዓመቱ እንደሚገዛ ይነግረኛል፣ አውቃለሁ። ያ ነገር ቀድሞ ተጀምሯል።

ሌላም አለ። እዚሁ ጅማ እርሻ ቴክኒክ ትምህርት ቤት የተማሩት ፕሮፌሰር ገቢሳ ኤጄታ አቀንጭራን የሚቋቋም ማሽላ በማዳቀል አውጥተው በ2009 እ.ኤ.አ. የዓለም የምግብ ሽልማትን ተሸልመዋል። ሳይንሱን አልጠላም። ከኛው ከተማ የወጣ ነው። ግን ሳይንቲስቱና ገበሬዋ ሲነጋገሩ ማየት እፈልጋለሁ።

የሕዝብ ጤና ተማሪ

ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ኪቶ የጠየቀውን ልመልስና አንድ ነገር ልጨምር፣ እስካሁን ማንም ስላላነሳው።

መዘግየቱ ዋጋ አለው፣ አልክድም። ግን ኬንያን ያዘገየው የእናቶች ጥያቄ አልነበረም። ከላይ የመጣ ውሳኔ ነው፣ የተነሳውም ከላይ በመጣ ውሳኔ ነው። ሁለቱንም ጊዜ እናቶቹ አልተጠየቁም።

የምጨምረው ይሄ ነው። በ2013 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት አለ። የተሠራው እዚሁ ነው፤ በአሰንዳቦ፣ በሰርቦና በጅማ ከተማ። የእናት ጡት ወተትና የላም ወተት ተመረመረ። በሁለቱም ውስጥ ዲዲቲ የሚባለው የነፍሳት መርዝ ተገኘ። ይህ የዩቲዩብ ወሬ አይደለም፣ በኛው እናቶች ወተት ውስጥ የተለካ ነው። ዲዲቲ ለወባ ቤት ለቤት ሲረጭ ኖሯል። አልፎ አልፎ ደግሞ ለነቀዝ ተብሎ እህል ላይ ይበተን ነበር። ማላታይን የሚባለውን የነቀዝ መድኃኒት እህል ውስጥ የሚቀላቅል ሰው ዛሬም አለ።

ስለዚህ «ሴቶች ያለ ምክንያት ይሰጋሉ» ሲባል ያንገበግበኛል። ስጋቱ ምክንያት አለው። ምግባችን ውስጥ የማናውቀው ነገር ገብቷል። ግን ዱቄቱን ስናሸት «ጂኤምኦ ነው?» ብለን እንጠይቃለን እንጂ «ጎተራ ውስጥ ምን ተረጨበት?» ብለን አንጠይቅም። የኔ ልመና ጥያቄው እንዲቆም አይደለም። ይህኛው እንዲጨመርበት ነው።

እናት የሁለት

ይሄን አላውቅም ነበር። ታዲያ ነቀዙን በምን እንከላከል? ያለ መድኃኒት እኮ እስከ ክረምት አይደርስም።

የመልኮ ጎረቤት

አየር የማያስገባ ከረጢት አለ፣ ፒክስ ይባላል። ውስጡ ሁለት ላስቲክ አለው፣ ላዩ ጆንያ ነው። እህሉ በደንብ ከደረቀ በኋላ ይሞላል፣ አንዱ ላስቲክ ከሌላው በኋላ ተጠምዝዞ ጥብቅ ተደርጎ ይታሰራል። ነቀዙ አየር አጥቶ ይሞታል። ምንም መድኃኒት አይገባበትም። ዋናው ነገር እህሉ እርጥብ እንዳይሆን ነው፣ አለበለዚያ ይሻግታል። ሻጋታው ደግሞ አፍላቶክሲን የሚባል መርዝ ያመጣል፣ እሱ ለሕፃናት ከባድ ነው። ባልትና ዘጅማ፣ ለምጥንሽ ይሄን በተለይ ተጠንቀቂ።

ባልትና ዘጅማ

እግዜር ይስጥልኝ ሁላችሁም። ከነገ ጀምሮ በቆሎ የሚያመጣልኝን ነጋዴ ሁለት ነገር እጠይቀዋለሁ፦ ዘሩ ምንድን ነው? ሲቀመጥ ምን ተደረገበት? መልሱን ወረቀት ላይ ጽፌ ምጥኑ አጠገብ እለጥፋለሁ። «ሊሙ፣ ከሰቃ ጨቆርሳ፣ መድኃኒት ያልገባበት» ብሎ የተጻፈ ነገር ብታዩ ደስ አይላችሁም? ነጋዴው መመለስ ካቃተው ሌላ እፈልጋለሁ።

የመልኮ ጎረቤት፣ አንድ ነገር ላስቸግርህ። ቅዳሜ ከሰዓት ሱቄ ጓሮ ቡና እናፈላለን። ብዙ ሴቶች ይመጣሉ። መጥተህ ብትመልስልን? ግን ንግግር አድርገህ እንድትሄድ አይደለም። መጀመሪያ እነሱ ይጠይቁ።

የመልኮ ጎረቤት

እመጣለሁ። የማላውቀውን ይዤ እሄድና አጣርቼ እመለሳለሁ።

ኪቶ ካምፓስ

እኔም እመጣለሁ። አቋሜ አልተቀየረም፣ ቴክኖሎጂው ያስፈልገናል እላለሁ። ግን ሴቶቹ የሚሉትን መስማት እፈልጋለሁ።

የሰርቦ ልጅ

ዛሬ ደውዬ ይሄን ሁሉ ለእናቴ ነገርኳት። ብዙ ሳትናገር አዳመጠችኝ። ከዚያ ቅዳሜ ጠይቅልኝ ያለችው ይሄ ነው፦ «ትል አይበላውም ያሉት አዲሱ በቆሎ ነቀዝስ? ሽፋኑስ እስከ ጫፉ ይዘጋል?»

የመልኮ ጎረቤት

ለእናትህ አሁኑኑ ንገራት። የቢቲው ፕሮቲን የሚገድለው አገዳ ቆርቁርንና መሰሎቹን፣ የእሳት ራት ልጆች የሆኑትን ትሎች ነው። ነቀዝ ጥንዚዛ ነው፣ አይነካውም። ሽፋኑ መዘጋት አለመዘጋቱ ደግሞ ዘረመሉ በገባበት ዝርያ ላይ የተመሠረተ ነው፤ ከተለወጠው ዘረመል ጋር አይገናኝም። ስለዚህ አንድ ዝርያ ለገበሬ ከመሰጠቱ በፊት የእሷ ጥያቄ መመለስ አለበት። የሙከራ መመዘኛው ላይ የምርት መጠን አለ፣ የሚደርስበት ጊዜ አለ፣ የበሽታ መቋቋም አለ። ጎተራ ውስጥ ስድስት ወር ተቀምጦ የሚቀረውን መጠን አብሮ መለካት እንደሚገባ ለባልደረቦቼ አነሳለሁ። እናትህ ከቻለች ቅዳሜ ይዘሃት ና፣ ሁለቱንም ዓይነት በቆሎ ከነሽፋኑ ይዛ ትምጣ።